ባቡር ያለ ሐዲድ፦ የጣና ዳር ወፍጮ ቤት አሮጌ የናፍጣ ሞተር

ባሕር ዳር ሐዲድ ደርሶባት አያውቅም። በጣና ዳር ገጠር ግን «ባቡር» የሚለው ቃል አዲስ አይደለም፤ «እህሉን ባቡር አድርሺው» የተባለች ልጅ አህያዋን ጭና የምትሄደው ወደ ወፍጮ ቤት ነው። ቃሉ እንፋሎት ከሚለው ከጣልያንኛው «ቫፖሬ» የመጣ ነውና በእኛ አነጋገር ለሐዲዱም ለወፍጮውም ሆነ። እዚህ የምጽፈው ስለሁለተኛው፣ መሬት ላይ ተተክሎ ስለሚሠራው ባቡር ነው፦ አንድ ሲሊንደርና ሁለት ቮላኖ (ከባድ መዞሪያ ጎማ) ስላለው፣ በማኖቬላ (በእጅ ማዞሪያ ብረት) ስለሚነሣው አሮጌ የናፍጣ ሞተር። እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚገድለው፣ እንዴት እንደሚጠበቅ።

የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ባሕር ዳር ከተማና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ መብራት አገኙ። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ገጠር ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን በናፍጣ ሲፈጭ ኖረ። አሁን መስመሩ ወደ ቀበሌዎቹ እየገባ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሲተከል የናፍጣው ከመሠረቱ ተነቅሎ ውጭ ይጣላል፤ ሁለት ክረምት ዝናብ ይመታዋል፣ ከዚያ ቁራሌው በኪሎ ይገዛዋል። እንደ እኔ ግን ይህ ሞተር ሲሠራ ኖሮ አያልቅም፤ የሚያልቀው ሲቆም ነው። ስለዚህ መጠበቅ ማለት ቀለም ቀብቶ ማቆም አይደለም፣ ማዞር ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ሊስተር ሲ ኤስ ነው፤ በተለይ 6/1 የሚባለውን። ስድስቱ የፈረስ ጉልበቱ፣ አንዱ የሲሊንደሩ ቁጥር ነው። እንግሊዝ አገር ደርስሊ በምትባል ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1930 አካባቢ አንሥቶ እስከ 1980ዎቹ ተሠርቷል፤ ቅጂውም ከህንድ፣ በተለይ ከራጅኮት፣ በየአገሩ ተሸጧል። ሲሊንደሩ 114.3 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ፒስተኑ 139.7 ሚሊ ሜትር ይወጣል ይወርዳል፤ ይዘቱ 1.43 ሊትር ነው። ይህን ያህል ይዘት ያለው የዛሬ መኪና ሞተር አሥር እጥፍ ጉልበት ይሰጣል። ሊስተሩ ግን በደቂቃ የሚዞረው 650 ጊዜ ብቻ ነው፤ ፒስተኑ በሰከንድ የሚጓዘው ሦስት ሜትር ያህል ነው። ዕድሜውን ያረዘመው ይህ ዝግታው ነው። ድሬዳዋ ያሉት አሮጌ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በግዝፈት ብዙ እጥፍ ቢበልጡትም ሕጋቸው አንድ ነው፦ አየር ታምቆ ይግላል፣ ናፍጣ ይረጭበታል፣ ያለ ካንዴላ ብልጭታ ይቀጣጠላል።

ከሁሉ አስቀድሞ የጣና አየር ስስ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ስለሚያንስ በሰሌዳው ላይ 6 ፈረስ ተብሎ የተጻፈው እዚህ 5 ገደማ ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «ጉልበት አነሰው» ብሎ የናፍጣ ፖምፓውን መጠን ይጨምራል። ተጨማሪው ናፍጣ ግን የሚያቃጥለው አየር የለውም፤ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ጥላሸቱ ፋሻዎቹን (የፒስተኑን ቀለበቶች) በቦታቸው ያጣብቃል፣ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ኮፓው (የዘይቱ ቋት) ሥር እንደ ጭቃ ይረጋል። መድኃኒቱ ናፍጣውን መጨመር ሳይሆን እህሉን ወደ ድንጋዩ ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው። ጭነት ሲበዛ ጭሱ ስስ ግራጫ ቢሆን ደኅና ነው፤ ከጠቆረ የእህል መልቀቂያው ይጠበብ። በተለይ በቆሎ አንዴ ሸርከት አድርጎ፣ ሁለተኛ ዙር ማድቀቅ ይሻላል፤ ዳጉሳና ጤፍ ድንጋዩ ተቀራርቦ በቀጭኑ ነው የሚለቀቁት።

ከፍታው ውኃውንም ይነካል። እዚህ ውኃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ በቆመ በርሜል ነው፦ የሞቀው ውኃ በላይኛው ቱቦ ወጥቶ ከበርሜሉ አፍ አካባቢ ይገባል፣ የቀዘቀዘው ከበርሜሉ ሥር ተመልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል። ፖምፓ የለውም፤ የሚያዞረው ሙቀቱ ራሱ ነው። ስለዚህ የበርሜሉ ውኃ ከላይኛው ቱቦ አፍ በታች ከወረደ ዙረቱ ወዲያው ይቆማል፤ በርሜሉ ሦስት አራተኛ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ሊፈላ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃው ከቱቦው አፍ ቢያንስ አራት ጣት ከፍ ብሎ ይቁም። ላይኛው ቱቦ ሽቅብ እየወጣ እንጂ መሐሉ ጎብጦ አይዘርጋ፤ ጉብጠቱ ላይ አየር ይታሰርና ይዘጋዋል። ከሐይቁ በቀጥታ የተቀዳ ውኃ ደለል አለው፤ በተለይ ከክረምት በኋላ። ደለሉ ከሲሊንደሩ ዙሪያ ሥር ይረጋና ፒስተኑ በአንድ ጎን ብቻ እንዲግል ያደርጋል። ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ከሁሉ ይሻላል፤ ካልተገኘ የሐይቁ ውኃ ሁለት ቀን ተቀምጦ ላዩ ብቻ ይቀዳ። ደግሞ አንዳንዱ ሞተሩን የሚጠብቀው እየመሰለው ቀዝቃዛ ውኃ እየደፋ ለብ ብሎ እንዲሠራ ያደርገዋል። ይህም ጉዳት ነው። ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣው በሙሉ አይቃጠልም፤ የተረፈው በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የሚወጣው ውኃ 70 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን፣ ከ80 ባያልፍ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ማስነሣቱ። በመጀመሪያ ዘይት፣ ውኃ፣ ናፍጣ ይታያል። ሞተሩ ከሳምንት በላይ ከቆመ የቫልቮላዎቹ (የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማስወጫው በሮች) ማንሻዎች ላይ በእጅ ጠብ ጠብ አድርጎ ዘይት መስጠት ግድ ነው፤ እዚያ ድረስ በራሱ የሚወጣ ዘይት የለም። ቀጥሎ የናፍጣው መስመር ውስጥ አየር እንዳይኖር ይደረጋል፤ ቅደም ተከተሉም ከሰልባትዮው (ከናፍጣ ታንኩ) ወደ ሞተሩ ነው፦ የፊልትሮው (የማጥሪያው) ማስተንፈሻ ብሎን ይላላል፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወርድ ይጠበቃል፤ ከዚያ የፖምፓው፤ በመጨረሻ ኢንጀክተሩ (ናፍጣ መርጫው) ጫፍ ላይ ያለው የቀጭኑ ቱቦ ዳዶ። በመሐል አንዱ ከተዘለለ ሁሉም እንደገና ነው። ከዚያ የፖምፓውን ማንሻ በእጅ ወይም በካቻቢቴ ከፍ ዝቅ ማድረግ። ጆሮ ወደ ቴስታታው (ወደ ሲሊንደሩ ክዳን) ጠጋ ሲል ኢንጀክተሩ በእያንዳንዱ ግፊት «ጭሪቅ» የምትል አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። ያቺ ድምፅ ከሌለች ማኖቬላ መጨበጥ ከንቱ ድካም ነው። «ጭሪቅ» በማለት ፈንታ «ጥልል» የሚል ከሆነ ኢንጀክተሩ ናፍጣውን እየረጨ ሳይሆን እያንጠባጠበ ነው፤ ወጥቶ ይጽዳ።

ከቴስታታው ጎን ክብ እጀታ ያላት መቀየሪያ አለች፤ ከኋላ በተሠሩት አንዳንዶቹ ላይ ግን የለችም። ወደ ውስጥ ስትጠብቅ ከማቀጣጠያው ትንሽ ክፍል ከፊሉን ትዘጋለች፤ እመቃው ይጨምራል፣ አየሩ ይበልጥ ይግላል፣ ሞተሩ በቀላሉ ይነሣል። በጣና ብርድ ጠዋት፣ በዚህ ስስ አየር፣ እርሷን ሳያጠብቁ ማስነሣት ጭንቅ ነው። ሞተሩ ሞቆ ሙሉ ጭነት ሲጫን ትፈታለች፤ ሳትፈታ ከቀረች ምቱ እንደ መዶሻ ይከራል፣ ብሮንዚናውን (የሚዞረውን ዘንግ የሚያቅፈውን ለስላሳ ብረት) ይጎዳል።

ማኖቬላው ሲገባ የኮሎው (ቮላኖዎቹን የሚያዞረው ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ ይቀባ፤ ሞተሩ ሲነሣ ማኖቬላው ተንሸራቶ መውጣት አለበት፣ ደርቆ ከተያዘ አብሮ ይዞርና እጅ ይሰብራል። አውራ ጣት ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን፤ ማኖቬላውን ዙሪያውን አይጨብጥም። የጭስ ቫልቮላው ማንሻ ተነሥቶ ይያዝና ሞተሩ ያለ እመቃ ይሽከረከራል፦ መጀመሪያ ከባድ፣ በአምስተኛው በስድስተኛው ዙር ቮላኖዎቹ ራሳቸው መጎተት ይጀምራሉ። ሰው መግፋቱ ቀርቶ ሲከተል ያኔ ማንሻው ይለቀቃል። አንድ ከባድ ምት፣ ነጭ ጭስ፣ ሁለተኛ ምት፤ ከዚያ ሞተሩ በራሱ ይሄዳል።

የዙሩን ፍጥነት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 650 ዙር ማለት በደቂቃ 325 ምት ነው፤ ሞተሩ በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ይተኩሳልና። በአሥር ሰከንድ 54 ምት መሆኑ ነው። ስልክ ጭስ ማውጫው አጠገብ ይዞ አሥር ሰከንድ መቅዳት፣ ከዚያ በዝግታ እያጫወቱ መቁጠር። 50 ቢሆን ችግር የለውም፤ 60 ከሆነ ግን ቶሎ ይስተካከል። ብዙ ለመፍጨት ሲባል የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ሞላ የሚያጠብቁ አሉ። ቮላኖ የተቀለጠ ብረት ነው፤ የሚገነጥለው ኃይል በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ሲጨምር ኃይሉ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠጋል። የተሰነጠቀ ቮላኖ በየዳ አይታመንም፤ እንዲህ ያለውን ሞተር ማስነሣት ቀርቶ እንደ ቅርስ ብቻ ማቆም ነው የሚሻለው። ስንጥቁን ለማወቅ በትንሽ መዶሻ ክንዶቹን አንድ በአንድ ማንኳኳት፦ ደኅናው እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው እንደ ተሰበረ ሸክላ ነው።

ቮላኖን ካነሣን፣ ሰዎችን በጣም የሚያሳስት አንድ ብልሽት አለ። ሞተሩ «ጓ… ጓ…» እያለ ይመታል። ባለሙያው «ቤላው ሄዷል» ብሎ (ቤላ ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ ነው) ሞተሩን ይፈታል፣ ብሮንዚና ይቀይራል፣ ይገጥማል፤ ድምፁ እንደነበረ ነው። ምክንያቱ ቮላኖውን ከኮሎው ጋር የሚያጣብቀው ሽብልቅ መላላቱ ነው። የሲሊንደሩ ምት ሲመጣ ኮሎው በፀጉር ያህል ይቀድማል፣ ቮላኖው ተከትሎ ይመታል። መለያው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ቆሞ፣ ሽብልቁና ኮሎው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ እዚያው ነው። ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ የሚወጣ ዱቄት ነው እሱ። አንድ እጅ ቮላኖውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ የሌላው እጅ ጣት መገናኛውን ቢነካ እንቅስቃሴው ይሰማል። በመዶሻ ጠልቆ እንዲገባ መምታት ጊዜያዊ ነው፤ የሽብልቁ ቦታ ከሰፋ ሽብልቁ በቶርኖ ቤት አዲስ ይሠራ፣ ሁለቱን ጎን ሞልቶ እንዲቀመጥ በሞረድ ይስተካከል። እንዲሁ ከተተወ ኮሎው ከዚያው ሽብልቅ ቦታ ይሰበራል፤ የእርሱ ምትክ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

ዘይቱ በሞተሩ ውስጥ የሚሰራጨው በመርጨት ነው። ከቤላው ሥር እንደ ማንኪያ ያለች ብረት ተንጠልጥላለች፤ በየዙሩ ዘይቱን እየጠለቀች ትበትነዋለች። ዘይቱ ከምልክቱ በታች ሲሆን ማንኪያዋ አየር ትቀዝፋለች፤ ከምልክቱ በላይ ሲሆን ዘይቱ በፋሻዎቹ አልፎ ሰማያዊ ጭስ ይሆናል። ኮፓው በተከፈተ ቁጥር ማንኪያዋ ጠብቃ መያዟን በእጅ ማረጋገጥ አይቀርም። የዘይት ፊልትሮ ስለሌለው ቆሻሻው ሁሉ ኮፓው ሥር ይረጋል። ለዚህ ነው ለብዙ ዘመን ተራ ዘይት ሲጠጣ የኖረ ሞተር ላይ በድንገት አጣቢ ቅመም ያለው የዛሬ ዘይት መጨመር የሚያስፈራው፤ የረጋውን ያነሣና ወደ ብሮንዚናው ይወስዳል። መጀመሪያ የጎን ክዳኑ ተከፍቶ ኮፓው በናፍጣና በጨርቅ እስከ ብረቱ ይጠረግ፤ ከዚያ የዛሬውን ዘይት መጠቀም ይቻላል። ቅጂዎቹ ላይ ደግሞ ብረቱ ሲቀለጥ የቀረ አሸዋ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ሊኖር ስለሚችል መፋቅና ማጠብ ያስፈልጋል። ወፍጮ ቤት ዱቄት የሞላበት ቤት ነውና ዘይቱ በየ200 ሰዓቱ ቢቀየር፣ የአየር ማጥሪያውም በየቀኑ ቢራገፍ ትክክል ነው። የበርበሬና የሽሮ ብናኝ ከጤፉ ይልቅ ያፍነዋል።

የናፍጣው ጊዜ የተዛባ እንደሆነ ለማወቅ፦ 6/1 ላይ ናፍጣው መግባት የሚጀምረው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሳይደርስ 20 ዲግሪ ሲቀረው ነው። 20 ዲግሪ የክቡ አንድ አሥራ ስምንተኛ ነው። የቮላኖው ዙሪያ በሜትር ይለካና ለ18 ይካፈላል፤ ዙሪያው 190 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 10.5 ያህል ይመጣል። ከላይኛው ጫፍ ምልክት ያን ያህል አስቀድሞ በጠመኔ ይሰመር። ቀጭኑ ቱቦ ከፖምፓው ይፈታና ቮላኖው በሚሠራበት አቅጣጫ በጣም በዝግታ ይገፋል፤ ፖምፓው አፍ ላይ ያለው ናፍጣ ገና ንቅንቅ ሲል መስመሩ ቦታው ላይ መሆን አለበት። ናፍጣው ከቀደመ ሞተሩ ይንኳኳል፤ ከዘገየ ነጭ ጭስ ያበዛል፣ ጭስ ማውጫውም ከልክ በላይ ይግላል።

መሠረቱ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በጣና ዳር ብዙ ቦታ መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በዋልካ ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ኮንክሪት በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያዘነብላል። ምልክቱ ቺንጋው (ጉልበቱን ወደ ወፍጮው የሚወስደው ቀበቶ) ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ደኅና ሲሄድ ቆይቶ ግንቦት ላይ ከፑሌጊያው (ከሚዞርበት ጎማ) መውደቅ ከጀመረ የተዛባው ቺንጋው ሳይሆን መሬቱ ነው። ዋልካው ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይውጣ፣ በጥቁር ድንጋይና በጠጠር ይሞላ፣ ከላዩ ከሞተሩ ሦስት አራት እጥፍ የሚከብድ የኮንክሪት ግንድ ይፍሰስ። ሞተሩ ከ300 ኪሎ በላይ ስለሆነ ግንዱ ከአንድ ቶን አያንስም። የውኃ በርሜሉ ለብቻው ይቁም፤ በሞተሩ ግንድ ላይ ከተቀመጠ ንዝረቱ ቱቦዎቹን ያስተነፍሳል።

ፎገራና ደምቢያ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ ጎርፍ። ሐይቁ ሰኔ አካባቢ ዝቅ ብሎ መስከረም አካባቢ ይሞላል፤ በዚያን ጊዜ ውኃ ወፍጮ ቤት ቢገባና ሞተሩን ቢውጠው፣ የመጀመሪያው ሕግ ማኖቬላ አለመንካት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ውኃ ካለ ውኃ አይታመቅም፤ በኃይል ከተገፋ ቤላው ይጎብጣል ወይም ቴስታታው ይሰነጠቃል። ኢንጀክተሩ ይወጣል፣ የጭስ ቫልቮላው ተነሥቶ ይታሰራል፣ ቮላኖው በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል፤ ውኃው በቀዳዳው ይወጣል። የኮፓው ማፍሰሻ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ነው፣ ዘይቱ በላዩ ይንሳፈፋልና፤ ዘይት መታየቱ ውኃው ማለቁ ነው ብሎ መዝጋት ስህተት ነው፣ ክዳኑ ተከፍቶ ደለሉ በእጅ ይጠረግ። ከዚያ ግማሽ ዘይት ግማሽ ናፍጣ ተቀላቅሎ ይሞላል፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይዞራል፣ ይፈስሳል፤ ሁለቴ ሦስቴ። ናፍጣ ፖምፓው ወጥቶ ለብቻው ናፍጣ ውስጥ ይነከር፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ዘንግ በአንድ ቀን ዝገት ከጥቅም ውጭ ይሆናል። የኮሎው ሾጣጣ ኩሽኔታዎችም ደለል ከገባባቸው ሳይፈቱና ሳይታጠቡ ሥራ የለም። ይህ ሁሉ ውኃው በሸሸበት ቀን ቢጀመር ሞተሩ ይተርፋል፤ ሳምንት ካለፈ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ለዓመታት ዛፍ ሥር ቆሞ የደረቀ ሞተር ሲገኝስ? በመጀመሪያ ምንም ሳይነካ ከአራቱም ጎን ፎቶ ይነሣ፤ በተለይ ቱቦዎቹ እንዴት እንደተያያዙ። የሞተሩ ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥርና የዙር ፍጥነት ተገልብጦ ይጻፍ፤ ሰሌዳው ከሞተሩ አይነቀል፤ ተሰርቆ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ቀጥሎ ኢንጀክተሩ ይወጣና በቀዳዳው ናፍጣና የማርሽ ዘይት እኩል ተቀላቅሎ ይፈስሳል፤ ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። ቮላኖው በእጅ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይወዛወዝ፤ በረጅም ብረት አይገፋ፣ ክንዱ ይሰበራል። እምቢ ካለ ቴስታታው ይነሣ፣ ፒስተኑ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት ተቀምጦ በቀላል መዶሻ ይነካካ። በብረት የተመታ ፒስተን ግን ይሰነጠቃል። ትዕግሥት ያጣ ሰው እዚህ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያጠፋውን ማንም በዓመት አይመልሰውም።

ቀለም የብዙ አሮጌ ሞተሮች ጠላት ነው እላለሁ። የአሸዋ መርጨትም እንዲሁ፤ አሸዋው ኩሽኔታና ዘይት መንገድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አረንጓዴው የፋብሪካ ቀለም በከፊል ካለ በነጭ ጋዝና በጨርቅ ይታጠብ፣ የላላ ዝገት ብቻ በሽቦ ብሩሽ ይወገድ። ላዩን ለመሸፈን የጎጃም ሰም አለ። 100 ግራም ንጹሕ ሰም ተፍቆ በግማሽ ሊትር ነጭ ጋዝ ውስጥ ይጨመርና ጠርሙሱ ተከድኖ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ እሳት ላይ በፍጹም። ሰሙ ሲቀልጥ አንድ የቡና ስኒ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይታከልበታል፤ ዘይቱ ሰሙ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። በጨርቅ ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ የሐይቁን ጤዛ ይከላከላል፣ ሲያስፈልግም በነጭ ጋዝ ይነሣል። የኑግ ዘይት መቀባት አይሆንም፤ እየቆየ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ዱቄትና አቧራ ይይዛል።

የተቀየረ ክፍል አይጣል። የተሰበረው ፋሻ፣ የተበላው ብሮንዚና፣ የድሮው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሳይቀር ስሙና የወጣበት ቀን ተጽፎበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ አዲስ ሲሠራ ቶርኖ ቤቱ የሚለካው እርሱን ነው። ሞተሩን ከወፍጮው ለይቶ ሙዚየም ማቆምም ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው። ድንጋዮቹ፣ መውቀሪያው፣ ጠፍጣፋው ቺንጋ፣ ሚዛኑ፣ በዱቄት የነጣው ግድግዳ አብረው ካልተጠበቁ ሞተሩ ምን እንደነበረ አይናገርም። ከተቻለ ባለበት፣ በሚፈጭበት ቤት ይቆይ፤ በገበያ ቀን ለአንድ ሁለት ሰዓት ይፈጭ። ለማየት የሚመጣ ሰው ሲኖር ከቺንጋው አንድ ሜትር ርቆ የብረት አጥር ይኑር። ነጠላ ለቺንጋ ቅርብ ነው፤ አንድ ጊዜ ጫፉን ከያዘ የሚለቀው ሰውየውን ጎትቶ ነው። ጭስ ማውጫውም ከቤት ውጭ ይውጣ፣ ሙቁ ብረት ከዱቄት ከረጢት ይራቅ።

መፍጨት በማይቻልበት ቦታ ቢያንስ በወር አንድ ቀን በእጅ ይዙር፤ ቫልቮላዎቹ ላይ ዘይት ተደርጎ፣ ናፍጣው ተዘግቶ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዙር። በሁለት ወይ በሦስት ወር አንዴ ደግሞ ይነሣ፣ ግን ለአምስት ደቂቃ አይደለም። አምስት ደቂቃ የሠራ ሞተር ውስጥ የተፈጠረው እርጥበት ሳይተን ኮፓው ውስጥ ይቀራል፤ ዘይቱን እንደ ወተት ያነጣዋል፣ ከውስጥ ያዝገዋል። አንዴ ከተነሣ ጭነት ይሰጠው፣ ውኃው በደንብ እስኪሞቅ አርባ ደቂቃ ያህል ይሥራ።

ሲቆምም በሥርዓት ነው። እህሉ ቀድሞ ይዘጋ፣ ድንጋዩ ባዶውን ይሂድ፣ ሞተሩ ያለ ጭነት አምስት ደቂቃ ይተንፍስ። ማቆሚያው የፖምፓው ናፍጣ መዝጊያ ነው፤ በቫልቮላ ማንሻው እያነቁ ማቆም ቫልቮላውን ያቃጥላል። ከዚያ ቮላኖዎቹ ብቻቸውን ሲዞሩ ይሰማል፤ ይዘገያሉ፣ አንዴ እመቃውን ሊያልፉት ይሞክራሉ፣ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ይቆማሉ። ቮላኖው በእጅ ወደ ፊት ተገፍቶ እመቃው ላይ ይተው፤ ያኔ ሁለቱም ቫልቮላዎች ዝግ ናቸው፣ የሐይቁ እርጥብ አየር ወደ ሲሊንደሩ አይገባም። የናፍጣው መዝጊያ ይጠብቅ፣ ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ባዶ ቆርቆሮ ይደፋበት፤ ተርብ ቤት የሚሠራው እዚያ ውስጥ ነው።